ግማሽ ሃይላንድ አሸዋ

ሃያ ሁለት ዓመት ሂርማታ መጋዘን፣
በትከሻዬ ነበር ኩንታል የሚመዘን።
ጎንበስ፣ ቀና፣ ውርወር፤ አይሱዙ እስኪሞላ፣
ምሳ እስኪደርስ ድረስ፣ ከምሳም በኋላ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሸሚዜን ስለብስ፣
ክንዴ እንቢ አለኝ ጆሮዬ ጋ ሳይደርስ።
ሌሊት በዚያ ጎኔ ጋደም ባልኩኝ ቁጥር፣
እንደ ተበላ ጥርስ ይጠዘጥዘኝ ጀመር።

የቆጪው ወጌሻ በቅቤ አሻሸና
“ይረፍ” አለኝ።
አረፈ።
አራት ወር አረፈ ሻሽ ውስጥ ተጠቅልሎ፣
የበረታ መስሎኝ፤ ለካስ ክስት ብሎ
የጨው ጣሳ ከመደርደሪያ ማውረድ አቅቶታል።

ሂክመት ትባላለች የሆስፒታሏ ልጅ። ክንዷ ከኔ አውራ ጣት ብዙ አይወፍርም።
አልትራሳውንዱን አዞረችልኝ፤ ግራጫ በግራጫ፣ እንደ ክረምት ሰማይ።
“ጅማትህ ነው” አለች።
“ጅማ የተወለደ ጅማት አያጣም” ብዬ ቀለድኩ።
ሰምታዋለች መሰል፣ አልሳቀችም።

“እየው፣ ጅማት ገመድ ነው፤ ክሩ ጎን ለጎን የተሰለፈ።
ከአቅሙ በላይ ሲጎተት ተመሰቃቀለ፣ አበጠ፣ ሰነፈ።
አልተበጠሰም። ግን ዕረፍት ብቻውን አያቃናውም፤
ሥራ ያላየ ጅማት ለምን እንደሚጠነክር አያውቅም።
ሸክም ነው ቋንቋው።
ሃያ ሁለት ዓመት ጮህክበት፤ አራት ወር ዘጋኸው።
አሁን በለሆሳስ አናግረው።”

“እሾህን በእሾህ?” አልኳት።
“ኧረ ምን እሾህ አለው” አለች፣ “ምግብን በልክ።”

ልኩም ይኸው፦ ከአዌቱ ዳር ግማሽ ሃይላንድ አሸዋ፤
ከአሮጌ ብስክሌት የወጣ ከመነዳሪ፣ በበሩ መቃን ታስሮ፤
ክርን ከጎን ተጣብቆ፣ ፎጣ በመሃል ታጥፎ፣
ወደ ውጭ መሳብ፤ አንድ… ሁለት… ሦስት…
መመለሱን ከመሳቡ ይበልጥ ማዘግየት።
ሕመሙ ከዐሥር ሦስት ከሆነ፣ ቀጥል፤
ስድስት ከገባ፣ አቁም።
ማግስቱን ደግሞ ጠይቀው፦ እንዴት አደርክ?

ኩንታል የጣለ ክንድ ለአንዲት ጠርሙስ ሲንቀጠቀጥ፣
ጎረቤት እንዳያይ በሬን ዘግቼ ስቀመጥ፣
ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
ተማም ከአይሱዙው ላይ ስሜን ይጠራል።

በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ መጣ።
በአምስተኛው ጠፋ።
“ምን ጨመርክ?” አለች ሂክመት።
“ምንም።”
“መዝነው።”
ሃይላንዱን ከነጂብ ሱቅ ሚዛን ላይ ባስቀምጠው፣
አንድ ኪሎ ተኩል።

“እኔ ነኝ” አለ ኢምራን ከበሩ ኋላ፣
“ማታ ማታ፣ በሻይ ማንኪያ። ቶሎ እንድትድን።”
ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ መድረሱን ያውቃል፤
ማንም አልነገረውም፣ ያውቃል።
ምን ብዬ ልቆጣው?
ማንኪያውን ከማን ወረሰውና?

አሸዋውን አብረን ደጅ አፈሰስን።
ከዚያ ወዲያ ቆጣሪው እሱ ሆነ፤
“ሦስት ሳልል አትመልስ፣ አባ” ይላል፣ እንደ ትልቅ ሰው ኮስተር ብሎ።

በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሂክመት ዳግመኛ አየችው።
ግራጫ በግራጫ፣ ያው የክረምት ሰማይ።
ልቤ ወረደ።
“ፎቶውን ተወው” አለች፣ “ክንድህን አንሣ።”
አነሣሁ።
ከጆሮዬ አለፈ።
ቁርጥ የሚል ነገር አለ ከላይ ጥግ ላይ፣ ግን አለፈ።

አሁን ኩንታሉን ከተማም ጋር ለሁለት ነው፤
ውርወራ ቀርቷል፤ ባለ መጋዘኑ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም።
የጨው ጣሳውን እኔ አወርዳለሁ፣
ማንም ጨው ባይፈልግም።

ትናንት ማታ ኢምራን ማንኪያ ይዞ መጣ፣ በግልጽ፣ በመብራት፦
“አንድ ልጨምር?”
ክንዴን ጠየቅኩት።
“ነገ” አለ።